የእንግሊዝ የብር ሻይና ቡና ዕቃዎች

እስከ ዛሬ ከተረፉት የእንግሊዝ የብር ሻይ ማንቆርቆሪያዎች ቀደምቱ እ.ኤ.አ. በ1670 የተሠራው ነው። ሎርድ በርክሌይ ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ያበረከቱት ሲሆን አሁን በለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል። ረጅምና ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ በመሆኑ የቡና ማንቆርቆሪያ ይመስላል፤ ለሻይ መሠራቱን የሚናገረው የተቀረጸበት ጽሑፍ ነው። አንጥረኞቹ ገና ለሻይ የተለየ ቅርጽ አልነበራቸውም።

ቅርጹን የለየው የሻዩ ዋጋ ነው። ቅጠሉ ከቻይና በመርከብ የሚመጣና ከባድ ቀረጥ የሚከፈልበት ስለነበር በጥቂት በጥቂቱ ይፈላ ነበር። በንግሥት አን ዘመን (1702-1714) የሻይ ማንቆርቆሪያው ትንሽና ሆደ ሰፊ ሆነ፤ የቡናው ረጅም እንደሆነ ቀረ። ብር ሙቀት ቶሎ ስለሚያስተላልፍ የሁለቱም እጀታ ብዙውን ጊዜ ከእንጨት ይሠራ ነበር። በ1784 የሻይ ቀረጥ ከ119 በመቶ ወደ 12.5 በመቶ ሲወርድ ሻይ በየቤቱ ገባ፤ ማንቆርቆሪያውም እየተለቀ ሄደ። ቀድሞ ለየብቻ ይገዙ የነበሩት ማንቆርቆሪያ፣ የስኳር ማስቀመጫና የወተት ማፍሰሻ በአንድ ዓይነት ጌጥ አብረው መሠራት የተለመደው ከዚህ ወዲህ ነው። የቡናው ማንቆርቆሪያ ሲጨመር አራት ይሆናሉ።

የጌጡ ታሪክ ከስደት ጋር የተያያዘ ነው። በ1685 ፈረንሳይ ለፕሮቴስታንቶች የሰጠችውን የእምነት ነፃነት ስትሽር ብዙ አንጥረኞች ወደ ለንደን ሸሹ። ከስደተኛ ቤተሰብ የተወለዱት ፖል ደ ላመሪ በዛጎልና በአበባ ቅርጽ ያጌጠውን የሮኮኮ ሥራ ከፍተኛ ደረጃ አደረሱት። አንጥረኛው ብሩን ከውስጥ ወደ ውጭ እየቀጠቀጠ አበባውን ያወጣል፤ ከዚያ ስሱ ብር እንዳይጎደጉድ ሆዱን በቅጥራን ሞልቶ ዝርዝሩን ከውጭ ይቀርጻል። ይህን ያህል ትዕግሥት የሚጠይቅ የእጅ ሥራ ጥቂት ነው። ባለቤታቸው በ1760 ሲሞቱ የባላቸውን ሥራ የተረከቡት አንጥረኛዋ ሄስተር ቤትማን ግን ለስላሳ ገጽና ቀጭን፣ አብረቅራቂ ቅርጽ መረጡ። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን አበባና ዛጎሉ እንደገና ተመለሰ።

በ1840 የኤልኪንግተን ድርጅት በኤሌክትሪክ የመለበጥ ዘዴን በፓተንት አስመዘገበ። መካከለኛው መደብም የብር መልክ ያለው የሻይ ዕቃ መግዛት ቻለ።

የእንግሊዝን እውነተኛ ብር ከተለበጠው የሚለየው ማህተሙ ነው። የሚራመደው አንበሳ ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር መሆኑን፣ የነብር ራስ ለንደንን፣ መልሕቅ በርሚንግሃምን፣ ፊደሉ ደግሞ ዓመቱን ያመለክታል። የዓመት ፊደላቸው እጅግ የተራራቀ ዕቃዎች በኋላ የተሰባሰቡ እንጂ አብረው የተሠሩ አይደሉምና ገዢ እያንዳንዱን ገልብጦ ይመልከት።