የጓሮ ዝናብ መለኪያ አተካከልና ፍተሻ

በሦስት ተከታታይ ቀናት ቢያንስ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ መጣሉ፣ የዘር ወቅት መግባቱን ለመለየት በአየር ንብረት ጥናት የተለመደ መስፈርት ነው። ስለዚህ የጓሮ መለኪያ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢያጓድል ገበሬውን የዘር ጊዜ ሊያሳልፈው ይችላል።

መሣሪያው በአቅራቢያው ካለ ቤት ወይም ዛፍ ቢያንስ የከፍታቸውን እጥፍ ርቆ፣ አፉ በውኃ ልክ ተስተካክሎ ይተከላል። ንባቡም በየዕለቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይመዘገባል።

ዶፍ ጥሎ መለኪያው ጥቂት ካሳየ፣ ባትሪ ከመቀየር በፊት ዝናቡን የሚያስገባውን ቀዳዳ ማየት ይገባል፤ ቅጠል፣ የወፍ ኩስ ወይም የሸረሪት ድር ይደፍነዋል። ከጸዳ በኋላም ጥርጣሬ ካለ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ አጠገቡ ይቀመጥና ዝናቡ እንዳባራ የውኃው ጥልቀት በማስመሪያ ይለካል። በጣሳው ውስጥ 20 ሚሊ ሜትር ጥልቀት 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ነው።