የበገና አውታር፦ ከአንጀት ወደ ናይለን

የግሼ ራቤልን ደጋ ያየ ሰው በጉን ሳያነሣ አያልፍም። የመንዝ በግ ጠጉሩ ተፈትሎ ባና ይሆናል፤ ቆዳው አጎዛ ነው፤ የሥጋውን ነገር መናገር አያሻም። አንጀቱስ? አንጀቱን ውሻ ይጎትተዋል ብለን ካለፍነው ግን ታሪክ አብረን ጣልን ማለት ነው። በገና ለብዙ ዘመን ድምፁን ያገኘው ከዚሁ ከሚጣለው ነገር ነውና። ታዲያ አውታሩ ከአንጀት ወደ ናይለን ሲዞር ምን ተለወጠ? እዚህ ላይ ጠበቅ ብለን ልንነጋገር ይገባል እንላለን።

በገና ዐሥር አውታር አለው። አበው ዐሥሩ ትእዛዛት ናቸው ይላሉ፤ ውብ ትርጓሜ ነው። የደርዳሪው እጅ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። በጣት ሲደረደር የሚጮሁት ብዙውን ጊዜ ስድስቱ ናቸው፤ የቀሩት ጣት የሚያርፍባቸው ናቸው። በድኁላ የሚመታ ከሆነ ግን ዐሥሩም ይጮኻሉ። ዋናው ምሥጢር ያለው ከታች፣ አውታሮቹ በሚያርፉበት በበርኩማው ላይ ነው። እዚያ ለእያንዳንዱ አውታር እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች። እንዚራዋ ወደፊት ወደኋላ እየተባለች ስትስተካከል አውታሩ በርኩማውን ነካ ለቀቅ እያደረገ እንደ ንብ መንጋ ያጉረመርማል። ያ ጉርምርምታ ከሌለ በገናው ዲዳ ነው። ስለዚህ የአውታሩ ውፍረት፣ ክብደትና ሻካራነት ተራ ነገር አይደለም፤ ድምፁ ራሱ ነው።

አንጀት ወደ አውታርነት እስኪደርስ አድካሚ ነው። ተገልብጦ ይታጠባል፣ ስቡና ሥጋው ይፋቃል፣ ይገመዳል፣ ተወጥሮ ይደርቃል። ገማጁ አንድ ቦታ ላይ ከሳተ አውታሩ ወፈር ቀጠን ይልና ቅኝቱ አልገባ ይላል። ደግሞ የጊዜውን ነገር እንየው። በገና ከሁሉ ይልቅ የሚፈለገው በዐቢይ ጾም ነው፤ በዐቢይ ጾም ግን በግ አይታረድም። ለሁዳዴ አውታር የሚፈልግ ሰው በገና በዓል ወይም በቅበላ የታረደውን አስቀድሞ መያዝ አለበት ማለት ነው። ይህም አልበቃ ብሎ አንጀት እርጥበት ይጠጣል። ደጋው ጉም ሲለብስ አውታሩ ይላላል፤ ፀሐይ ሲወጣ ይጠብቃል፤ ደርዳሪው መቃኛውን ሲያዞር ይውላል። መበጠሱ ሳይቀር!

ናይለን በአሜሪካ ለሕዝብ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንጀት ለሐኪም ስፌት ስለተፈለገ የጊታር ተጫዋቹ ሁሉ ተቸገረ። አልበርት አውጉስቲን የተባለ የኒውዮርክ ጊታር ሠሪ ከስፔናዊው አንድሬስ ሴጎቪያ ጋር ሆኖ የናይለን አውታር አወጣ። እኛም ዘንድ በገናውም ክራሩም ቀስ በቀስ ወደዚሁ ክር አዘነበሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ናይለን አይበሰብስም፣ ለጉም ደንታ የለውም፣ ከሱቅ ይገኛል።

ታዲያ አንድ ናቸው? አይደሉም። ናይለን ከአንጀት ቀለል ይላል። በአንጀቱ ውፍረት ናይለን ብትወጥር ያንኑ ወፍራም ድምፅ ለማግኘት ማላላት ግድ ነው፤ የላላ አውታር ደግሞ እንዚራው ላይ ይንቦጫረቃል። መፍትሔው ወፈር ያለ ናይለን መምረጥና እንዚራዋን እንደገና ማስተካከል ነው። ይህን ሳያደርጉ «ናይለን ድምፅ የለውም» የሚሉ ሰዎች የሚወቅሱት የራሳቸውን ስንፍና ነው።

ይህ ጭቅጭቅ በእኛ ብቻ አልተጀመረም። ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ቤዝ ጊታርን ለገበያ ካወጣ በኋላ ተጫዋቹ በሁለት ተከፈለ፦ ላዩ በልሙጥ ጥፍጥፍ ብረት የተጠቀለለውን አውታር የሚወድና በክብ ሽቦ የተጠቀለለውን ሻካራ የሚወድ። ልሙጡ ድፍን ያለ፣ እንደ ከበሮ የሚመታ ድምፅ አለው፤ ሻካራው ያፏጫል፣ ይጮኻል። ማናቸውም ግን «ያንተ ጊታር አይደለም» ተባብለው አልተወጋገዙም።

እኛ ጋ ነገሩ የከበደው የተቋረጠ ትውልድ ስላለ ነው። በገና የመሳፍንቱና የመኳንንቱ ቤት መሣሪያ ነበር፤ እቴጌ ጣይቱም ደርዳሪ እንደነበሩ ይነገራል። አለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 1980 አስተማረ፤ በደርግ ዘመን ግን በገና ከሬዲዮ ራቀ፣ ተማሪውም ሳሳ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በገና በመንፈሳዊ ትምህርት ቤቶችና በሁዳዴ ካሴቶች ሲመለስ፣ ከበገናው ጋር የተመለሰው አብዛኛው ክር ናይለን ሆነ። መደርደሩ ዳነ፤ መግመዱ ግን እንዲያው በዝምታ ተተወ። የእኔ ቅሬታ ከናይለኑ ጋር አይደለም። አንጀት ገምዶ አውታር ማውጣት የሚያውቁ ሽማግሌዎች እጅ ሥራ ሳይጻፍ መቅረቱ ነው የሚከነክነኝ።

የሚጠራጠር ቢኖር ቀላል ሙከራ አለ። በአንዱ በገና ላይ ከሚጮሁት አውታሮች ጎን ለጎን ያሉትን ሁለቱን፣ አንዱን በአንጀት ሌላውን ወፈር ባለ ናይለን ይወጥር፤ ወደ አንድ ድምፅ ይቃኛቸው፤ እንዚራዎቹን ለየብቻ ያስተካክል። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላ ሰው ይደርድርለት። አንጀቱን ግን ከፋሲካው በግ ላይ ውሻ ሳይቀድመው ይያዝ።