ይድነቃቸው ተሰማ
ይድነቃቸው ተሰማ (መስከረም 1 ቀን 1914 – ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ እግር ኳስ ተጫዋች፣ አሠልጣኝና የስፖርት መሪ ነበሩ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ከመሥራቾቹ አንዱ ሲሆኑ ለ15 ዓመታት በፕሬዚዳንትነት መርተውታል።

የተወለዱት በጅማ ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ድምፃቸው በሸክላ ከተቀረጸ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። ይድነቃቸው አዲስ አበባ በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. ከተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ ጋር ለ23 ዓመታት ተጫውተው በ365 ግጥሚያ 318 ጎል እንዳስቆጠሩ ይነገርላቸዋል። የጨዋታ ዘመናቸው የጣሊያንን ወረራ ያካትታል፤ ነጭና ጥቁር በአንድ ሜዳ እንዳይሰለፍ የሚከለክለውን ሥርዓት በወጣትነታቸው ያዩ ሰው ናቸው።

ያ ሥርዓት በሌላ መልክ ካርቱም ላይ ገጠማቸው። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ካፍ ሲመሠረት የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ ተወካዮች ተገኝተው ነበር። ደቡብ አፍሪካ ወይ ነጭ ብቻ ወይ ጥቁር ብቻ የሆነ ቡድን እልካለሁ በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ወጣች። ኢትዮጵያም ያለ ግማሽ ፍጻሜ ለዋንጫ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ እስክትባረር ድረስ (1968 ዓ.ም.) ይድነቃቸው ከትግሉ መሪዎች አንዱ ሆነው ቆዩ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የግብፅ ብድር ተመለሰ። ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን መደበኛው ሰዓት 2 ለ 2 ካለቀ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ባገቡት ጎል 4 ለ 2 አሸነፈ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ኢትዮጵያ እስካሁን ያላት የአፍሪካ ዋንጫ ይኸው አንዱ ነው።

ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በዚህ ዋንጫ ነው፤ ትልቁ ሥራቸው ግን በስብሰባ አዳራሽ የተሠራው ነው። ለ1966 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በአንድ ላይ አንድ ቦታ ብቻ ሲመድብ ይድነቃቸው ከጋናው ኦሄኔ ጃን ጋር ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ አገሮች ከማጣሪያው ወጡ። ከአራት ዓመት በኋላ በሜክሲኮው ዋንጫ አህጉሪቱ የራሷን ቦታ አገኘች፣ በ1982 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሁለት።

በ1964 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባልም ነበሩ። በተጫዋቾች ንግድ ጉዳይ ግትር ነበሩ። ምርጥ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸው የአፍሪካን ኳስ ያራቁታል ብለው አጥብቀው ተከራክረዋል። ፍርሃታቸው ከንቱ አልነበረም፤ ይሁንና ፍልሰቱን የሚያቆም ደንብ አልተገኘም፣ ተጫዋቹም ከአገር ቤቱ ክፍያ የተሻለ እንጀራ የሚያገኘው እዚያ ነበር።

በፕሬዚዳንትነት ላይ እንዳሉ በ65 ዓመታቸው ያረፉት የቡሄ ዕለት ነው። ከእሳቸው በኋላ ካፍን ከ1988 እስከ 2017 (እ.ኤ.አ.) የመሩት ካሜሩናዊው ኢሳ ሃያቱ ናቸው። አፍሪካ ለ2026ቱ የዓለም ዋንጫ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ አግኝታለች፤ ኢትዮጵያ ግን እስካሁን አንድም ጊዜ አልፋ አታውቅም።