ንጉሡ ሠ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስማቸው በ«ሥላሴ» የሚያልቅ አንድ አዛውንት መስኮቴ ፊት ቆመው የቁጠባ ደብተራቸውን መልሰው ገፉልኝ። የገንዘብ ስሕተት አልነበረበትም። «ልጄ፥ ይህ የእኔ ስም አይደለም» አሉኝ። ሥላሴን በእሳቱ ሰ ጽፌዋለሁ። ከኋላቸው ሰልፉ ረዝሟል። «አባቴ፥ ድምፁ አንድ አይደለም እንዴ? ሒሳቡን እኮ አይለውጠውም» አልኋቸው። «ሒሳቡንስ አይለውጠውም፤ እኔን ግን ይለውጠኛል» ብለው ካሉበት ንቅንቅ አልሉም። አዲስ ደብተር በእጄ ጻፍሁላቸው። ማታ ነገሩን ለጓደኞቼ እንደ ቀልድ አወራሁት፤ እነርሱ ሲሥቁ እኔ ግን መሣቅ አቃተኝ።

ግእዝ የተማረ ሰው እነዚህን ፊደላት በስማቸው ይጠራቸዋል፦ እሳቱ ሰ፣ ንጉሡ ሠ፣ ጸሎቱ ጸ፣ ፀሐዩ ፀ። ስሙ ራሱ ፊደሉ የሚገባበትን ቃል ይነግራል። በግእዝ ሠረቀ ማለት ብርሃን ወጣ ነው፤ ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው። ሠዐለ ሥዕል ሣለ፤ ሰአለ ለመነ። መሀረ አስተማረ፤ መሐረ ይቅር አለ። አንደበታችን እነዚህን ድምፆች ካቀላቀላቸው ብዙ መቶ ዓመት አልፏል፤ የብራና ጸሐፍትም ቢሆኑ ሲያለዋውጧቸው ኖረዋል። እንግዲህ ዛሬ ልዩነቱን የሚጠብቅ ሰው የሚጠብቀው ጆሮ የማይሰማውን ነገር ነው። (ተምረናል ባዮችማ ባሰብን፤ ቃሉ የረቀቀ እንዲመስል ዓይኑን ዕ እየደነቀርን «አዕምሮ» እንላለን፤ አእመረ ካለው ግስ የወጣው አእምሮ ግን በአልፋው እ ነው። እኔም በዚህችው ጽሑፍ ስንት ቦታ እንደ ሳትሁ የሚያውቁ ያውቁታል።)

ይህን የማይሰማ ነገር አጥብቀው ከያዙት ሁሉ ሦስት ሰዎችን ሳስብ እደነቃለሁ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ1901 በሮም የታተመውን የኢኛሲዮ ጉይዲን የአማርኛና የጣልያንኛ መዝገበ ቃላት ሲዘጋጅ የረዱ ሊቅ ናቸው። የራሳቸውን የግእዝ መዝገበ ቃላት ጀምረው ሳይፈጽሙ ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ ሰጡ። አለቃ ኪዳነ ወልድ በኢየሩሳሌም ረጅም ዘመን ኖረው፣ ግእዙን ከዕብራይስጡና ከዐረብኛው እያመሳከሩ ደከሙበት። እርሳቸውም ሳያሳትሙት ዐረፉ፤ አደራው ወደ ደስታ ተክለ ወልድ ተሻገረ። መጽሐፉ የወጣው በ1948 ዓ.ም. ነው። ደስታ ከዚያ በኋላ ከሺህ ገጽ የሚበልጠውን የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም. ሲያሳትሙ፣ ገና ከርእሱ «ዐዲስ» የሚለውን ቃል በዓይኑ ዐ ጻፉት። በሥራዬ የውርስ ሰነድ ብዙ አያለሁ፤ ቤት ይወረሳል፣ ገንዘብ ይወረሳል። ያልተጨረሰ ሥራ እንደ ርስት ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ያነበብሁት ግን በእነዚህ ሰዎች ታሪክ ነው።

እነዚህን ሰዎች የልማድ ሎሌዎች ናቸው የሚል ቢኖር ግን መጽሐፋቸውን አልገለጠም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ቃላቱን የደረደሩት የኔታ ፊት የተቀመጠ ሕፃን ሁሉ በሚቆጥረው በሀ ለ ሐ መ አይደለም። ቀዳሚው አ በ ገ ደ ነው ብለው፣ ከዕብራይስጥና ከሱርስት ጋር በሚስማማው ተራ አሰናዱት፤ ደስታም ተከተሏቸው። ጥንቱን ለመጠበቅ ሲሉ መላው ሀገር የያዘውን ወግ ጣሱ ማለት ነው። ሀገሩ ግን አልሰማቸውም፤ ዛሬም እነዚያን መዛግብት የሚገልጥ ሁሉ ቃል ፍለጋ ይንከራተታል።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ1933 በቤትሳሚስ፣ አለቃ በኖሩባት በኢየሩሳሌም አቅራቢያ፣ አንድ የሸክላ ጽላት ከመሬት ወጣ። በሚስማር መሰል ምልክት የተጻፈ ፊደል ነበረበት፤ ተራው ግን ግራ ሲያጋባ ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 ሉንዲን የተባለ የሩሲያ ሊቅ አነበበው። የሚጀምረው በሀ፣ በለ፣ በሐ፣ በመ ነው። ዕድሜው ከሦስት ሺህ ዓመት ይበልጣል። አ በ ገ ደም የዚያኑ ያህል ጥንታዊ ነው፤ በዚያ በኩል ሊቁ አልተሳሳቱም። ነገር ግን እርሳቸው የተዉት፣ ሕፃናቱ እየተወዛወዙ የሚጮኹት ተራም ሌላ ጥንታዊ ወግ ኖሯል። አለቃ ይህን ቢሰሙ ይከራከሩ ነበር እንጂ ዝም የሚሉ አይመስለኝም።

እኔም ከብዙ ዓመት በፊት የጻፍሁት አንድ ግጥም አለኝ፤ ርእሱ «ፀሎት» ነው። ፀን የመረጥሁት ክብ መልኳ ስለሚያምረኝ ብቻ ነበር። ከአዛውንቱ ጋር በተነጋገርን ማግሥት የአለቃን መጽሐፍ ይዤ፣ በአ በ ገ ደ በጣቴ እየቆጠርሁ ቃሏን ፈለግኋት። ፍለጋው ባያስፈልግም ነበር፤ የፊደሏ ስም ራሱ ጸሎቱ ጸ አይደል? ርእሱን አረምሁት። ያን ጊዜ ግጥሙ የሌላ ሰው መሰለኝ። አሁንም ሁለቱ ቅጂዎች በመሳቢያዬ ጎን ለጎን አሉ።

አዛውንቱ በወሩ ተመልሰው መጡ። ደብተሩን ከመስጠታቸው በፊት መነጽራቸውን አጥልቀው፣ ስማቸውን በጣታቸው ፊደል በፊደል ተከተሉት። ሰልፉ ረጅም ነበር፤ እስኪጨርሱ ጠበቅሁ።