መንገድ የሳተ ወፍ

«መንገድ የሳተ ወፍ» የሚባለው ነፋስ ወይም የፍልሰት ስህተት ከተለመደ አገሩ ያወጣው የዱር ወፍ ነው። ከሽቦ ቤት ያመለጠ ወፍ በዚህ ስም አይጠራም፤ ያን ያህል ርቀት ያመጣው ሰው እንጂ ክንፉ አይደለምና።

ዲላ ላይ አረንጓዴ በቀቀን ቢታይ መቅደም ያለበት ጥያቄ «በእርግጥ እንግዳ ነው ወይ?» የሚለው ነው። ወንዱ በቀይ ግንባሩ የሚለየው ባለጥቁር ክንፍ ትንሽ በቀቀን የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ተወላጅ ነው፤ ግንባረ ቢጫው በቀቀን ደግሞ ከኢትዮጵያ ውጭ አይገኝም። ሁለቱም በጌዴኦ የቡና ጥላ ዛፎች ላይ ቢያርፉ አምልጠዋል ማለት ስህተት ነው። የአውስትራሊያው ባጀሪጋር ግን ውቅያኖስ አቋርጦ አይመጣም። በዱር የሚኖረው አረንጓዴና ቢጫ ስለሆነ፣ ሰማያዊ ወይም ነጭ ሆኖ ከተገኘ የእርባታ ውጤት መሆኑ አያጠራጥርም።

ከሁሉ የሚሻለው ማስረጃ የእግር ቀለበት ነው። መገጣጠሚያ የሌለው ቀለበት የሚጠልቀው በጫጩትነት ስለሆነ ብዙውን ጊዜ እርባታን ያመለክታል፤ ተመራማሪዎች ለዱር ወፍ የሚያስሩት ግን አብዛኛውን ጊዜ መገጣጠሚያ አለው። የተጎዳ ጅራትና ሰውን አለመፍራት ብቻቸውን አይበቁም፤ ረጅም በረራ ያደከመው የዱር ወፍም ሰው ሲቀርበው ላይሸሽ ይችላል።