ወሮታና ጥበቃ በክፍት ሶፍትዌር ታሪክ

ምንጩ ለሁሉ ክፍት የሆነ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ማንም ያነበዋል፤ ማንም ያሻሽለዋል፤ ማንም ያለ ዋጋ ይገለገልበታል። ከዚህም የተነሣ፣ ለሁሉ የሚሠራውን ባለሙያ ማን ይክፈለው የሚለው ጥያቄ ከመነሻው ጀምሮ አብሮት ኖሯል። ከተሞከሩት መልሶች አንዱ ወሮታ ነው፤ ይኸውም የተወሰነ ሥራ ለፈጸመ ሰው አስቀድሞ የተነገረውን ገንዘብ መስጠት ነው።

አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሊቅ ዶናልድ ክኑዝ በመጻሕፍታቸው ውስጥ ስሕተት ላገኘ አንባቢ 2 ዶላር ከ56 ሳንቲም ሲከፍሉ ኖረዋል። ቴክ ለተባለው የኅትመት ማቀናበሪያ ፕሮግራማቸው የመደቡት ወሮታ ደግሞ እጥፍ እየሆነ 327 ዶላር ከ68 ሳንቲም ደርሷል። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ቼኩን ሳይመነዝሩ በክብር አኑረውታል። ይሁን እንጂ ዋናው ሥራ አስቀድሞ በሊቁ እጅ የተፈጸመ ሲሆን፣ መተዳደሪያቸውም የዩኒቨርሲቲ መምህርነት እንጂ ወሮታ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ወሮታን የገበያ መልክ ለማስያዝ ተሞከረ። በ1999 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ሶርስኤክስቼንጅ አሠሪዎችንና ፕሮግራመሮችን ሊያገናኝ ተነሥቶ በ2001 ተዘጋ። በ2004 የተመሠረተው ባውንቲሶርስ ረዘም ያለ ዕድሜ ቢያገኝም፣ በ2020 ሁለት ዓመት ሙሉ ወሳጅ ያጣውን ወሮታ ለራሱ የሚያስቀር ደንብ አውጥቶ፣ ተቃውሞ ሲበረታ ሻረው፤ በ2023 ክፍያውም ተቋረጠ።

የወሮታ ጉድለት ይበልጥ የተገለጠው በ2014 ነው። ኦፕንኤስኤስኤል በኢንተርኔት የሚተላለፈውን ምስጢር የሚጠብቅ፣ እጅግ ብዙ ድርጅቶች የሚገለገሉበት ፕሮግራም ነው። የአንድ መልእክት ርዝመት በትክክል ባለመረጋገጡ የተፈጠረና በ2012 እትም ውስጥ የገባ ስሕተት፣ የይለፍ ቃልና የምስጢር ቁልፍ ሳይቀር ለሌባ እያጋለጠ ሁለት ዓመት ያህል ተሰውሮ ቆየ። ስሕተቱ ሃርትብሊድ ተብሎ በታወቀ ጊዜ ካገኙት ባለሙያዎች አንዱ 15,000 ዶላር ወሮታ ተሰጠው፤ እርሱም ገንዘቡን ለበጎ አድራጎት አዋለው። ፕሮግራሙን ሲጠብቁ ለኖሩት ጥቂት ሰዎች ግን በዓመት የሚደርሰው ልገሳ 2,000 ዶላር ያህል ብቻ ነበር። ታላላቅ ኩባንያዎች በሊኑክስ ፋውንዴሽን አማካይነት ገንዘብ አዋጥተው ለሁለት ባለሙያዎች የሙሉ ጊዜ ደመወዝ የመደቡት ከጉዳቱ በኋላ ነው።

ከርል የተባለው የመረጃ ማስተላለፊያ ፕሮግራም ታሪክ ደግሞ ሌላ ገጽታ ያሳያል። በ2019 ለደኅንነት ጉድለት ጠቋሚዎች የከፈተው ወሮታ እውነተኛ ስሕተቶችን አስገኝቷል። ውሎ አድሮ ግን በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተጻፉ ከንቱ ጥቆማዎች እየጎረፉ የጠባቂዎቹን ጊዜ ስለ በሉ፣ ወሮታው በጥር ወር 2026 መጨረሻ እንዲቆም ተደረገ።

አጫጅ በቀን ሒሳብ ይቀጠራል፤ ማሳውን ክረምት ከበጋ የሚጠብቀው ግን የዓመት ቀለብ ያስፈልገዋል። ወሮታ ወሰኑ ለታወቀ ሥራ ይበጃል፤ ወሰን የሌለውን ጥበቃ ግን ሊሸከም እንዳልቻለ ታሪኩ ራሱ ይመሰክራል።