ሥራ ያጣ መንደርና የሰው መንፈስ

«ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት» የሚለው የአማርኛ ተረት ሥራ መፍታትን አጥብቆ ይነቅፋል። ነገር ግን ሰው ሥራ የሚፈታው በገዛ ፈቃዱ ብቻ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ከእጁ ሲጠፋበትም ሥራ ፈት ይባላል። ድኽነት በአእምሮ ጤና ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት፣ መንግሥትም ለድኾች የሚያወጣው ደንብ ጉዳቱን እንደሚያቃልል ወይም እንደሚያከፋ ለመረዳት በአውስትሪያ አገር በቪየና አጠገብ የምትገኘውን የማሪየንታልን መንደር ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ዓመታቱ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።

የመንደሩ ሕዝብ ይኖር የነበረው በአንድ የፈትልና የጨርቅ ፋብሪካ ነበር። ፋብሪካው በ1929 መዘጋት ዠምሮ በ1930 መጀመሪያ ፈጽሞ ተዘጋ። በ1931 ማሪ ያሆዳ፣ ፓውል ላዛርስፌልድና ሃንስ ሳይዝል ከረዳቶቻቸው ጋራ የሕዝቡን ኑሮ ሊመረምሩ ወደዚያ ገቡ። በዚያን ጊዜ በመንደሩ 1,486 ሰዎች፣ 478 ቤተ ሰቦች ነበሩ፤ ከአራቱ ቤተ ሰብ ሦስቱ ያህል በመንግሥት ርዳታ ይተዳደሩ ነበር።

ብዙ ሰዎች ሥራ ያጣ ሕዝብ ጊዜ ስለሚተርፈው ያነባል፣ ይማራል፣ አለዚያም ያምፃል ብለው ይገምቱ ነበር። የታየው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ኪራይ ቀርቶ ንባብ በነጻ ቢሆንም፣ ከ1929 እስከ 1931 ሰዎች የሚዋሷቸው መጻሕፍት ቍጥር ወደ ግማሽ ወረደ። ወንዶቹ በመንገድ ሲሄዱ እርምጃቸው ዘገምተኛ ሆነ፤ በየስፍራው ይቆሙ ነበር፤ አብዛኞቹም ሰዓት መያዝን ተዉ። ሴቶቹ ግን የቤት ሥራ ስለ ነበረባቸው ቀናቸው መልኩን አልለቀቀም። በትምህርት ቤትም ልጆች ለገና በዓል የሚመኙትን እንዲጽፉ ተደረገ፤ የማሪየንታል ልጆች ምኞት ዋጋው ሲተመን በአካባቢው ካሉት ልጆች ምኞት ሢሶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ድኽነት እጅን ብቻ ሳይሆን ምኞትንም አሳጠረ ማለት ነው።

መርማሪዎቹ ቤተ ሰቦቹን በአራት ከፈሏቸው፤ ይኸውም መንፈሳቸው ያልተሰበረ፣ ዕጣቸውን ተቀብለው የተቀመጡ፣ ተስፋ የቈረጡና ፈጽመው የደነዘዙ ብለው ነው። ለአንድ ዐዋቂ ሰው ቀለብ ተሰልቶ ሲታይ የወር ገቢያቸው በተራ 34፣ 30፣ 25ና 19 ሺሊንግ ነበር። ገቢው ባነሰ መጠን መንፈሱም ወደቀ። እንግዲህ ድንዛዜው የድኽነቱ ውጤት ነበር እንጂ ምክንያቱ አልነበረም።

የርዳታው ደንብ ደግሞ ችግሩን አባሰው። ርዳታው በተወሰኑ ሳምንታት እያነሰ ሄዶ በመጨረሻ ይቋረጥ ነበር፤ ርዳታ ተቀባዩም ጥቂት ሥራ ሠርቶ ቢገኝ ርዳታውን ያጣ ነበር። በዚህ መንገድ ሕጉ ለሆድ ጥቂት ሲሰጥ እጅን አሰረ፤ ሥራ ፈትነትን የርዳታ ዋጋ አደረገው።

መጽሐፉ በ1933 ታተመ። ያሆዳ በ1936 ታስራ በ1937 ከአገሯ ተሰደደች፤ ከዚያ በኋላም በእንግሊዝ አገር ሆና ሥራ ከደመወዝ ሌላ ለሰው የሚሰጠውን አምስት ነገር ዘርዝራ አስረዳች፤ እነዚህም የጊዜ ሥርዐት፣ ከሰው ጋራ መገናኘት፣ የጋራ ዓላማ፣ ክብርና ዘወትራዊ ተግባር ናቸው። ገንዘብ ብቻውን እነዚህን አይተካም፤ እነዚህም ገንዘብን አይተኩም።

በጥቅምት 2020 የታችኛው አውስትሪያ የሥራ አገናኝ መሥሪያ ቤት በዚያው ስፍራ ከዓመት በላይ ሥራ ላጡ ሁሉ ደመወዝ ያለው ሥራ በፈቃዳቸው እንዲይዙ አቀረበ። በዚህ ላይ የተደረገው ምርመራ የሠራተኞቹ ገቢ ብቻ ሳይሆን የጊዜያቸው ሥርዐትና ከሰው ጋራ ያላቸው ግንኙነትም እንደ ተሻሻለ አስረዳ። በአንድ ዘመን ደንብ የሰበረውን መንፈስ በሌላ ዘመን ደንብ ሊያነሣው እንደሚችል ይህ ምስክር ነው።

ስለዚህ ድኻን ለመርዳት የሚወጣ ደንብ ሁለት ጥያቄ ሊመልስ ይገባዋል፤ ይበቃልን? ሰውየውንስ ነገን እንዲያስብ ያደርገዋልን? መምህርም በክፍሉ ምኞቱ ያነሰ፣ እርምጃው የዘገየ ልጅ ባየ ጊዜ ስንፍና ነው ብሎ ከመፍረድ አስቀድሞ የቤቱን ገበታ ይጠይቅ። የማሪየንታል ልጆች የጻፉት ጽሑፍ መንደሪቱ የደረሰባትን ጉዳት ከብዙ መዝገብ ይልቅ አስረድቷልና።